መላውን አንጎል በአንድ ማይክሮስኮፕ ማንበብ ይቻላል? የሕዋስ ዓይነቶች ካርታ እንዴት እንደሚሠራ

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የአይጥ አንጎል ሕዋሳት በ5,322 ስብስቦች መመደባቸውን አነበብኩ። በሌላ በኩል ላይት ሺት የሚባለው ማይክሮስኮፕ ሙሉውን የአይጥ አንጎል ሳይቆራርጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሚያነሣው አየሁ። ታዲያ ሁለቱን አጣምሮ እያንዳንዱ ዓይነት ሕዋስ የት እንዳለና ስንት እንደሆነ በአንድ ጊዜ ማወቅ ያልተቻለው ለምንድን ነው? በስስ ቁራጮች ላይ ቆጥሮ በማባዛት የሚገኘው ቁጥርስ ምን ይጎድለዋል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ያነበቧቸው ሁለቱም ነገሮች እውነት ናቸው። ነገር ግን የተገኙት በአንድ መሣሪያ አይደለም፤ በአንድ መሣሪያ ያልተገኙበትም ምክንያት የገንዘብ ወይም የጊዜ ማነስ ብቻ አይደለም። የሕዋስ ካርታ የሚሠራ ሰው ከምስሉ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ አንጎሉ ሙሉ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከጎረቤቱ ተለይቶ እንዲታይ፣ ያ ሕዋስ የየትኛው ዓይነት እንደሆነም እንዲታወቅ። ከሦስቱ ሁለቱን በጥሩ ሁኔታ የሚሰጡ ዘዴዎች ዛሬ በእጃችን አሉ፤ ሦስቱን በመላው አንጎል ላይ በእኩል ጥራት የሚሰጥ ግን የለም። ስለዚህ እርስዎ የሚመኙት ካርታ የሚሠራው በተለያየ መንገድ የተሰበሰቡ መረጃዎችን በአንድ የጋራ አትላስ (የአንጎል ክልሎች መለኪያ ካርታ) ላይ በማገጣጠም ነው፤ የሚወጣው ቁጥር የሚታመነውም መገጣጠሚያዎቹ በጠነከሩበት ልክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የትኛው ማይክሮስኮፕ ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ ግን ከማይክሮስኮፑ በፊት ሕዋሱን የሚያሳየው ምልክት ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፤ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ምልክት የተደረገበትን ነገር ብቻ ነውና።

በመጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። የአንድ ጎልማሳ አይጥ አንጎል ከግማሽ ግራም በታች ይመዝናል፤ ይዘቱም ግማሽ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚህ ውስጥ 70 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ሌሎቹ ሕዋሳት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣል። ከነርቭ ሕዋሳቱ ከግማሽ የሚበልጡት፣ 42 ሚሊዮን ያህሉ፣ በስተኋላ ባለው ሴሬቤለም ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም ስፋታቸው ከ5 እስከ 6 ማይክሮን የሚደርስ ግራኑል የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። 1 ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን ያስታውሱ። እንግዲህ ግማሽ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩን፣ ማለትም 500 ኪዩቢክ ሚሊሜትሩን፣ በእያንዳንዱ ጎን 1 ማይክሮን በሆነ ነጥብ ብንከፋፍለው 500 ቢሊዮን ነጥቦች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢይዝ ለአንድ ቀለም ብቻ 1 ቴራባይት ያስፈልጋል ማለት ነው። የነጥቡን ጎን በግማሽ ብናሳጥረው ዳታው ስምንት እጥፍ ያድጋል። «ለምን ጥራቱን ከፍ አድርጋችሁ አታነሡትም?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ስምንት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ 5,322 እንምጣ። ይህ ቁጥር በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ ሥራው በሲያትል የሚገኘው የአለን ተቋም ነው። ተመራማሪዎቹ የአይጥ አንጎልን ወደ ነጠላ ሕዋሳት ከበተኑ በኋላ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ከአር ኤን ኤው (ጂኑ ሲሠራ ከሚወጣው ቅጂ) አነበቡ፤ ለምደባው የዋለውም የ4 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት መረጃ ነው። ምደባው ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ነው፤ ከላይ 34 ክፍሎች፣ ከዚያ 338 ንኡስ ክፍሎች፣ ቀጥሎ 1,201 ዓይነቶች፣ በመጨረሻም 5,322 ስብስቦች። አንጎሉ ሲበተን ግን እያንዳንዱ ሕዋስ አድራሻውን ያጣል። አድራሻውን ለመመለስ ያው ቡድን መርፊሽ በተባለ ዘዴ 500 ጂኖችን በስስ ቁራጮች ላይ፣ ሕዋሱ በነበረበት ቦታ እንዳለ፣ አንብቦ 4 ሚሊዮን ከሚበልጡ ሕዋሳት ጋር አገናኘው። በዚያው ወር የወጣው የሃርቫርዱ የሻዎዌ ዡዋንግ ቡድን ሥራ ደግሞ ከ1,100 በላይ ጂኖችን ወደ 10 ሚሊዮን በሚጠጉ ሕዋሳት ላይ አንብቧል።

እነዚህ ሥራዎች ያለ ማጋነን ታላቅ ናቸው፤ ነገር ግን የአለን ተቋሙን የመርፊሽ ቁራጮች በቅርብ ይመልከቷቸው። አንዱ ቁራጭ 10 ማይክሮን ውፍረት አለው፤ ቀጣዩ የተወሰደው 200 ማይክሮን ርቆ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 190 ማይክሮን ሳይታይ አልፏል። ይህ ንድፍ የሕዋስ ዓይነቶቹ በጥቅሉ የት የት እንደሚኖሩ ለማወቅ በቂ ነው፤ በዚህ አንጎል በዚህ ኒውክሊየስ (የነርቭ ሕዋሳት ተሰባስበው በሚገኙበት የአንጎል ክፍል) ውስጥ ስንት ሕዋሳት እንዳሉ ለመናገር ግን፣ በተለይም ኒውክሊየሱ ትንሽ ሲሆን፣ አይበቃም። ስለ 5,322 ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። ይህን ቁጥር አንጎል ውስጥ ተጽፎ እንደተገኘ ልክ አድርጎ መያዝ ተገቢ አይመስለኝም፤ የምደባው ሥርዓት የት ላይ እንዲያቆም በተወሰነው ላይ የሚመሠረት ውጤት ስለሆነ በሌላ ዳታና በሌላ መለኪያ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። በማይክሮስኮፕ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው ደረጃ 338ቱ ንኡስ ክፍሎች ናቸው፤ ከዚያ በታች ሲወረድ በአንድና ሁለት ምልክት ተለይቶ የሚታይ ስብስብ ጥቂት ነው።

ሙሉ አንጎልን ሳይቆራርጡ ማየት ለረጅም ጊዜ ያልተቻለው የአንጎል ሥጋ ብርሃን ስለማያሳልፍ ነው። ማየሊንን የመሰሉ ቅባቶች፣ ፕሮቲኖችና ውሃ ብርሃንን የሚያጥፉበት ልክ ይለያያል፤ የውሃው 1.33 ሲሆን የቅባትና የፕሮቲኑ ወደ 1.45ና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር እየታጠፈ ስለሚበታተን ገና ከገጹ ሳይርቅ መንገዱን ያጣል። መፍትሔው ውሃውን አውጥቶ በምትኩ የመታጠፊያ ልኩ ከቅባቱና ከፕሮቲኑ ጋር የሚቀራረብ ፈሳሽ ማስገባት ነው፤ ዘይት የነካው ወረቀት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዘይቱ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል የነበረውን አየር ተክቶ ልዩነቱን ስለሚያጠብበው። ቨርነር ሽፓልተሆልዝ የተባለው ጀርመናዊ የአካል አወቃቀር ሊቅ ይህን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በላይፕሲግ አሳይቶ ነበር። ዘዴው ወደ ዘመናዊው የአንጎል ጥናት የተመለሰው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በ2007 የሃንስ ኡልሪክ ዶት ቡድን ሙሉ የአይጥ አንጎልን በብርሃን ገጽ (በላይት ሺት) አነሣ፤ በ2013 በስታንፎርድ የካርል ዳይሰሮት ቡድን ክላሪቲ፣ በ2014 የሂሮኪ ኡኤዳ ቡድን በጃፓን ኩቢክ የተባሉትን የማጥሪያ (ሥጋውን ብርሃን አሳላፊ የማድረጊያ) ዘዴዎች አወጡ፤ በዚያው ዓመት አንቲቦዲን እስከ ውስጥ ለማዝለቅ ታስቦ የተሠራው አይዲስኮ ተከተለ።

በደንብ የጠራ አንጎልን በእጅ ይዞ ማየት በምስል ከማየት የተለየ ነገር ነው። ነጭና ወተት መሳይ የነበረው ሥጋ መጀመሪያ ዳር ዳሩ፣ ከዚያም ኮርቴክስ የሚባለው ቅርፊቱ ይጠራል፤ በመጨረሻ የሚቀረው በማየሊን የተሞላው የአንጎል ግንድ ነው። ፍርግርግ መስመር ያለበት ወረቀት ከሥሩ አስቀምጠው ሲመለከቱ በኮርቴክሱ በኩል መስመሮቹ ጥርት ብለው እየታዩ በግንዱ በኩል ደብዛዛ ከሆኑ፣ ማይክሮስኮፑም በዚያ በኩል የሚያገኘው ሕዋስ ማነሱ አይቀርም። እኔ ይህን የወረቀት ፍተሻ ከማንኛውም ውድ መለኪያ አስቀድመዋለሁ።

ማጥራት ያለ ዋጋ አይገኝም። በኬሚካል ማሟሟት ላይ የተመሠረቱት ዘዴዎች አንጎሉን ያኮማትሩታል፤ አንዳንድ የውሃ መሠረት ያላቸው ዘዴዎች ደግሞ ያሳብጡታል፤ እንዲያውም የኡኤዳ ቡድን በ2018 ያወጣው ኩቢክ ኤክስ ሕዋሳቱ ተራርቀው እንዲታዩ ሆን ብሎ አንጎሉን ወደ አሥር እጥፍ ይዘት ያሳድገዋል። ይህ በቁጥር ላይ ያለውን ውጤት ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። አንጎሉ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 10 በመቶ ቢኮማተር ይዘቱ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድም ሕዋስ ሳይጨመር የሕዋሳቱ እፍጋት በ37 በመቶ የጨመረ ይመስላል። ሁለት ጽሑፎች የተለያየ እፍጋት ሲያወጡ ስለ ዝርያና ስለ ዕድሜ ከመከራከር በፊት ሁለቱም ይህን አርመው እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል። የሕዋሱን ጠቅላላ ቁጥር በአንድ ክልል ውስጥ ማወዳደር በኪዩቢክ ሚሊሜትር ከማወዳደር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ስለ ማይክሮስኮፑ ብዙ አልቆይም። ላይት ሺት በስስ የብርሃን ገጽ አንድን ደረጃ ብቻ ከጎን እያበራ፣ በዚያ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ሌንስ ደረጃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ በካሜራ የሚያነሣ ነው። ሐሳቡ በ1903 ከዚደንቶፕፍና ከዚግሞንዲ ይጀምራል፤ ለሕያው ነገር ጥናት ዘመናዊ መልክ የያዘው በ2004 በሃይደልበርግ በኤርንስት ስቴልዘር ቡድን ነው። ፍጥነቱ እጅግ ያስደንቃል፤ ነገር ግን የብርሃኑ ገጽ እጅግ ስስ የሚሆነው በመሐል ላይ ብቻ ሲሆን ወደ ዳር ሲሄድ ይወፍራል፤ በጥልቀት አቅጣጫ ያለው ጥራትም አብዛኛውን ጊዜ ከጎንዮሹ ያነሰ ነው። ሁለተኛው መንገድ በ1990 ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ ባወጡት ባለ ሁለት ፎቶን ዘዴ ላይ የቆመ ነው። በ2012 በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የፓቬል ኦስተን ቡድን ከንዝረት መቁረጫ ጋር አዋሕዶት ማሽኑ ራሱ የአንጎሉን ገጽ እያነሣ፣ 50 ማይክሮን እየላጠ፣ እንደገና እያነሣ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ምስሉ የሚነሣው ሥጋው ከመቆረጡ በፊት ስለሆነ ቁራጮችን እንደገና የመደርደር ችግር የለም፤ አንጎሉንም ማጥራት አያስፈልግም። ፍጥነቱ ግን ከላይት ሺት ያነሰ ነው። ዛሬ የአይጥ አንጎል ካርታዎች የሚመዘኑበት የአለን ተቋም የጋራ መለኪያ አትላስ የተሠራው በዚሁ ዘዴ ከተነሡ የ1,675 አይጦች አንጎሎች አማካይ ሲሆን፣ የነጥቡ ጎን 10 ማይክሮን ነው። እኔ ለፍጥነት ላይት ሺትን፣ ቅርጹ ሳይዛባ ለሚፈለግ ሥራ ደግሞ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ክርክር የሚያስፈልገው ምልክቱ ነው። ምልክት በሁለት ዋና መንገዶች ይደረጋል። አንደኛው አንቲቦዲ ነው፤ የአንድን ፕሮቲን መኖር ፈልጎ የሚጣበቅና ቀለም የተሸከመ። አንቲቦዲ ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው፤ የሚፈጅበትም ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ሙሉ አንጎልን በአንቲቦዲ መቀባት ሳምንታት የሚወስደውም በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜው ባነሰ ቁጥር የአንጎሉ ጠርዝ ደምቆ መሐሉ ይደበዝዛል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን «በጠርዙ ብዙ ሕዋሳት፣ በመሐሉ ጥቂት ሕዋሳት» ብሎ በሐቀኝነት ይመዘግበዋል። ይህን ለመያዝ ቀላል መንገድ አለ። የእያንዳንዱን ሕዋስ ድምቀት ከአንጎሉ ገጽ ካለው ርቀት ጋር በግራፍ ያስቀምጡት። አንድ ክልል የተለየ ሆኖ ቢደበዝዝ ምናልባት ባዮሎጂ ነው፤ ክልል ሳይለይ ሁሉም ከጥልቀቱ ጋር እየደበዘዘ ከሄደ ግን የአንቲቦዲው አለመድረስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የዘር ምሕንድስና ነው። ክሪ የተባለው ኢንዛይም በአንድ የተመረጠ ጂን ትእዛዝ ሥር እንዲሠራ ተደርጎ፣ ያ ጂን የሚሠራበት ሕዋስ ሁሉ ፍሎረሰንት ፕሮቲን እንዲያመርት ይደረጋል። እዚህ ላይ የመዳረስ ችግር የለም፤ ብርሃኑ ከሕዋሱ ከራሱ ይመነጫል። ነገር ግን ክሪ የሚያደርገው በዲ ኤን ኤው ላይ የማይመለስ ቆረጣ ነው። አይጡ ገና ጽንስ ሳለ ያ ጂን ለአጭር ጊዜ ብቻ የሠራበት ሕዋስ፣ በጎልማሳነቱ ጂኑን ጨርሶ ቢያቆምም፣ ዕድሜ ልኩን እየደመቀ ይኖራል። ስለዚህ በክሪ አይጥ ላይ የተቆጠረው ቁጥር «አሁን ይህ ዓይነት የሆኑ» የሚለውን ሳይሆን «በአንድ ወቅት ይህን ጂን የተጠቀሙ» የሚለውን ሊያሳይ ይችላል። በአንቲቦዲና በክሪ የተገኙ ሁለት ቁጥሮች አልገጠሙም ማለት አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በአንድ ዙር በደህና የሚለዩት ቀለሞች ሦስት ወይም አራት ናቸው። 338 ንኡስ ክፍሎችን በአራት ቀለም መለየት እንደማይቻል ግልጽ ነው። የመርፊሽ ብልሃት ቁራጩን ደጋግሞ እየቀቡ፣ እያነሡና እያጠቡ እያንዳንዱን ጂን በዙሮቹ ቅደም ተከተል ማንበብ ነው፤ ይህ በ10 ማይክሮን ቁራጭ ላይ በደቂቃዎች የሚደረገው ማጠብ በ8 ወይም በ10 ሚሊሜትር ሙሉ አንጎል ላይ እንዴት እንደሚደረግ አሁን ያስቡት። ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ዘዴዎች እንዳይጣመሩ ዋናው ግድግዳ ሞለኪውሎች በሥጋ ውስጥ የሚጓዙበት ዝግታ ነው። በ2021 ከጃኔሊያ የምርምር ማእከል የወጣው ኢዚ ፊሽ የተባለው ዘዴ ሥጋውን አሳድጎ፣ 300 ማይክሮን ያህል ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ውስጥ በብዙ ዙር አር ኤን ኤን ማንበብ እንደሚቻል አሳይቷል። ከ10 ወደ 300 ማይክሮን መሻገር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሙሉ አንጎል ግን ገና ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ መቁጠርና ማባዛት። ሕዋስ ውፍረት ስላለው አንዱ ሕዋስ በሁለት ተከታታይ ቁራጮች ላይ ተከፍሎ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። አበርክሮምቢ በ1946 ያወጣው ማረሚያ ቁጥሩን በቁራጩ ውፍረት አባዝቶ፣ ለቁራጩ ውፍረትና ለሕዋሱ ቁመት ድምር ማካፈል ነው። ቁራጩ 10 ማይክሮን፣ ሕዋሱም 10 ማይክሮን ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር የቆጠሩት ግማሽ ብቻ ነው። ቁራጩ 50 ማይክሮን ቢሆን ግን ከቆጠሩት 83 በመቶው ትክክል ይሆናል። ማረሚያው የሕዋሱን ቁመት ማወቅ ስለሚጠይቅ፣ በሕመም ወይም በዕድሜ ምክንያት ሕዋሱ ራሱ ሲኮማተር ቁጥሩም ሳይወድ በግድ ይቀንሳል። በ1984 የመጣው ዲሴክተር የተባለው ዘዴ ይህን ችግር በመሠረቱ ፈታው፤ ሕዋሱን በሚጀምርበት ጫፍ ብቻ ይቆጥረዋልና። ስለዚህ ማባዛት በራሱ ነውር የለበትም። ወሰኑ አስቀድሞ የታወቀን አንድ ክልል በጥንቃቄ ለመቁጠር በዲሴክተር የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ ከብዙ የሙሉ አንጎል ጥናቶች የበለጠ ታማኝ ቁጥር ያወጣል፤ ይህን ሥራ ጊዜው ያለፈበት አድርገው የሚያጣጥሉትን አልስማማባቸውም።

የሙሉ አንጎል ካርታ ጥቅም ሌላ ነው፤ ማንም ሊቆጥር ያላሰበበትን ቦታ ያሳያል። በ2017 የኦስተን ቡድን ፓርቫልቡሚን፣ ሶማቶስታቲንና ቪ አይ ፒ የተባሉትን ሦስት ምልክቶች የያዙ አጋጅ (የሌሎችን ሕዋሳት ሥራ የሚገቱ) የነርቭ ሕዋሳትን በመላው የአይጥ አንጎል ቆጠረ። ስሜትንና እንቅስቃሴን በሚመሩት የኮርቴክስ ክልሎች የፓርቫልቡሚን ሕዋሳት ያመዝናሉ፤ መረጃን በሚያዋሕዱትና በፊተኛው ክልሎች ደግሞ የሶማቶስታቲን ሕዋሳት ያመዝናሉ። ከኮርቴክስ በታች የሴትና የወንድ ልዩነት ከታየባቸው 11 ክልሎች በ10ሩ የሕዋሳቱ ቁጥር በሴቶቹ አይጦች ይበልጣል፤ ይህም የወንዶቹ አንጎል በጠቅላላው ትልቅ ሆኖ ሳለ ነው። አንድን ክልል መርጦ በቁራጭ የሚቆጥር ሰው ይህን መልክ ሊያገኘው የሚችለው በአጋጣሚ ብቻ ነበር።

ሙሉ አንጎል ሲሆን ሕዋስን በዓይን መቁጠር ስለማይቻል ሥራው ለኮምፒዩተር ይተላለፋል። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው «95 በመቶ ትክክል» የሚል አማካይ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም። ለአብነት ሶፍትዌሩ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር 20 ሕዋስ ያልሆኑ ነጥቦችን፣ ለምሳሌ የደም ሥር ቁራጭን፣ ብናኝን ወይም የአረፋ ጠርዝን፣ እንደ ሕዋስ ቢቆጥር ኮርቴክስ ውስጥ ጉዳቱ አይታይም። በ500 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ሲባዛ ግን 10,000 የሌሉ ሕዋሳት ይሆናሉ። የምንፈልገው ዓይነት በአይጥ ውስጥ በጠቅላላው 3,000 ያህል ብቻ እንዳሉት፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ እንዳለው ሎኩስ ሴሩሊየስ የተባለ ትንሽ ኒውክሊየስ የኖራድሬናሊን ሕዋሳት ያለ ቢሆን፣ ከኒውክሊየሱ ውጪ የሚታየው «አዲስ ግኝት» ሁሉ ስህተት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በሴሬቤለምና ሂፖካምፐስ ውስጥ ሕዋሳቱ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ፍተሻው በእያንዳንዱ ዓይነት ክልል፣ ጭር ባለውም በታጨቀውም፣ በጠርዙም በጥልቁም ተነጥሎ መደረግ አለበት፤ ቢያንስ ሁለት ሰዎችም ለየብቻ በዓይን ቆጥረው የእርስ በርስ ልዩነታቸው መታወቅ ይኖርበታል። ሁለት ሠልጣኝ ሰዎች በማይስማሙበት ቦታ ሶፍትዌሩ ትክክል ሆነ ማለት ትርጉም የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከአትላሱ ጋር ማገጣጠም ነው። የአይጥ ኮርቴክስ ውፍረት 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በውስጡ ስድስት ንብርብሮች ተደርድረዋል። በማገጣጠሙ ላይ የ100 ማይክሮን መንሸራተት ከተፈጠረ ሕዋሱ ከነበረበት ንብርብር ወደ ጎረቤቱ ይዛወራል፤ ንብርብሩ ደግሞ ከሕዋሱ ዓይነት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ስለሆነ የተዛወረው ሕዋስ በመርፊሽ ካርታ ላይ ከማይመስለው ዓይነት ጋር ይጋባል። የአትላሱ ጠርዝ ከራስዎ ምስል በላይ ተደርቦ ሲታይ፣ በአንጎሉ መሐል የሚያልፈውን ኮርፐስ ካሎሰም የተባለውን ነጭ የነርቭ ቃጫ ማሰሪያ ጫፉን ይከተሉት፤ የፈሳሽ ክፍተቶቹን ግድግዳም እንዲሁ። እነዚህ ካልገጠሙ ከጎናቸው ያለው የሕዋስ ቁጥር ሰንጠረዥ ቢያምርም አይመኑት።

ስለ ሰው አንጎል ባይጠይቁኝም ጥያቄው ወደዚያ ማምራቱ አይቀርም። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ይዘቱ ከአይጡ ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። አንቲቦዲው የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር የሚያድግ መሆኑን ካስታወሱ ሙሉውን አንጎል በአንድ ጊዜ መቀባት ለምን እንደማይታሰብ ይገባዎታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ሕዋስ ውስጥ የሚጠራቀመው ሊፖፈሲን የተባለ ቅሪት ደግሞ ራሱ በብዙ ቀለም ስለሚደምቅ ምልክት የተደረገበትን ሕዋስ ያስመስላል። በ2023 የወጣው የሰው አንጎል የሕዋስ አትላስ ከ100 ገደማ ቦታዎች በተወሰዱ ናሙናዎች፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የሕዋስ ኒውክሊየሶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን 461 ስብስቦችንና 3,313 ንኡሳን ስብስቦችን ለይቷል። ይህ ናሙና መሆኑን መርሳት የለብንም፤ በመካከል ያለው ሰፊ ቦታ ገና አልታየም።

ለእርስዎ ሥራ የምመክረው እንደሚከተለው ነው። ላይት ሺትም ሆነ ባለ ሁለት ፎቶን ማሽን በሌለበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆነውም በዚህ መስክ እውነተኛ ሥራ መሥራት ይችላሉ፤ የአለን ተቋም አትላስና የሕዋስ ዓይነት ዳታ፣ እንዲሁም በፒትስበርግ የሚገኘው ብሬን ኢሜጅ ላይብረሪ ለማንኛውም ሰው በነፃ ክፍት ናቸው። አትላሱ በ25 ማይክሮን መጠን በተራ ላፕቶፕ ይከፈታል፤ ፊጂና ሴልፋይንደር የተባሉት ሶፍትዌሮችም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በመጀመሪያ አንድ ምልክትና አንድ ክልል ብቻ ይምረጡ፤ ፓርቫልቡሚንንና ከጢም የሚመጣውን ስሜት የሚቀበለውን የኮርቴክስ ክልል ብዬ ልጠቁምዎ፣ ሕዋሳቱ ደማቅና ተራርቀው የሚገኙ ስለሆኑ። በሙሉ አንጎል ምስል ላይ የሚያገኙትን ቁጥር በዚያው ክልል ከመርፊሽ ቁራጮች ከሚወጣው ጋር ያስተያዩት፤ የቁራጩን ውፍረት ማረም እንዳይረሱ። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ መጀመሪያ የሥጋውን መኮማተር፣ ቀጥሎ ምልክቱ ክሪ ይሁን አንቲቦዲ፣ በመጨረሻም የአትላሱን መገጣጠም ይመርምሩ፤ ከባዮሎጂው ጋር መነጋገር የሚጀምሩት ከእነዚህ በኋላ ነው። የመረጡትን ምልክትና አንጎሉ የተዘጋጀበትን ዘዴ ቢጽፉልኝ፣ ለዚያ ምልክት የትኞቹ ክልሎች ለፍተሻ እንደሚመቹ በዝርዝር ልመልስልዎ ዝግጁ ነኝ።